በደንገል የተንጠለጠለች ዓሣ

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ የሚኖር፣ ደሃ ግን ኩሩ። የእሱን ነገር የማነሳው አንቺ ስለ ጠየቅሽኝ ነው፣ አንጓች ልጄ። «ዘንቢል ይዤ ገበያ ብወጣ እነ አማቴ ይስቁብኛል፤ ደግሞስ የእኔ አንድ ፌስታል ባሕሩን ምን ታደርገዋለች?» አልሽኝ አይደል? እንግዲያው ሳታቋርጪኝ ስሚ።

በዚያ ከተማ ዓሣ የሚሸጠው በጥቁር ፌስታል ነበር። ነጩን የሚወስድ የለም። ቢጠየቁ ለንጽሕና ነው ይላሉ፤ ውሸታቸውን ነው። ጥቁሩ ገበና ይሸፍናል። ትልልቅ ዓሣ ይግዙ፣ መዳፍ የማትሞላ ይግዙ፣ ጎረቤት አያይም። ቤት ሲደርሱ ፌስታሉ ደጅ ይጣላል፤ ነፋስ ወደ ሐይቁ ይነዳዋል፤ ከሐይቁ ወንዝ ይወጣል፣ ወንዙም አገር አቋርጦ ባሕር ይገባል። የአጥማጆቹ መረብ ከዓሣ ይልቅ ፌስታል ያወጣ ጀመር። ዓሣው እያነሰ ሄደ። ዓሣው ባነሰ ቁጥር ደግሞ ሰዉ ማነሱን ለመደበቅ ጥቁሩን ፌስታል አጥብቆ ፈለገ። ሞኝነት ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን ሸማኔው ቤት ሽማግሌዎች ሊመጡ ሆነ፤ ሴት ልጁን ለባለጸጋ ልጅ ሊጠይቁ። እሱ አቅሙ የፈቀደለት አንዲት ትንሽ ዓሣ ብቻ ነበረች። ድህነቱን አይተው ቢመለሱስ? ልጁ ከሰው ፊት ልታፍር ነው። ይህን እያሰበ ሐይቁ ዳር ከአንድ አጥማጅ ፊት ቆሞ ሳለ፣ አጥማጁ ዓሣዋን ሲያጸዳት ከሆዷ የጥቁር ፌስታል ቁራጭ ወጣ። ሸማኔው ቁራጩን አንስቶ አየው። አጥማጁ እንደ ልማዱ ሌላ ጥቁር ፌስታል ሲዘረጋለት፣ «ተወው» አለ። «ይህን እኮ ያበላኋት እኔው ነኝ።» ከውሃው ዳር ደንገል ነቅሎ ሰነጠቀ፤ በአፏ አሾለከና አንጠልጥሏት በከተማው መሃል ሄደ።

ጠጅ ቤት ደጃፍ የተቀመጡት አዩት።

«ጋሼ፣ ይህቺ ለእንግዳ ናት ለድመት?» አለ አንዱ። ተሳሳቁ።

ሸማኔው ቆመ። ዓሣዋን ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋት።

«ለእንግዳ ናት! የቤቴ ልክ ይህቺ ናት፤ ደኅና አድርጋችሁ እዩ!» አለና ቀና ብሎ አለፈ።

ሽማግሌዎቹ ቀድመው ደርሰው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ዓሣዋንም እሱንም አዩ። አብሯቸው የመጣው የሙሽራው አባት፣ «ያለውን የማይደብቅ ሰው ያሳደጋት ልጅ ለቤቴ ትበቃለች፤ ሌላ ደጅ አልሄድም» አለ። በሚቀጥለው ገበያ ያ ባለጸጋ ራሱ ዓሣውን በደንገል አንጠልጥሎ ታየ። እሱ እንዲህ ካደረገ ማን ያፍራል? አንዱ ዘንቢል፣ ሌላው ሳህን ይዞ ይመጣ ጀመር። ሐይቁ ባንዴ ጠራ ብዬ አልዋሽሽም። የአጥማጆቹ መረብ የሚያወጣው ፌስታል ግን እያነሰ ሄደ።

አየሽ አንጓች፣ አንቺም እንደዚያ ከተማ ሰው ሆነሻል። ፌስታል የምትይዢው ዘንቢል አጥተሽ አይደለም፤ የሰው ዓይን ፈርተሽ ነው። አንዷ ምን ታደርጋለች አልሽ፤ ባሕሩን የሞላው ፌስታል ሁሉ እኮ «የእኔ አንዷ ምን ታደርጋለች» ያለ ሰው የጣለው ነው። ዘንቢልሽን ያዢና በመሃል ገበያ ሂጂ። የሚስቅ ካለ ቀና ብለሽ የማን የልጅ ልጅ እንደሆንሽ ንገሪው። ያ ሸማኔ አባቴ ነው፤ ያን ቀን የታጨሁትም እኔ እናትሽ ነኝ።