በሐረጎ ቁልቁለት የጮኸው ሞተር

ታኅሣሥ 6 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ይማም አደም ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ደሴ ወዳለው ጋራዤ መጣ። ሰዓቱን የማልረሳው በኋላ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው። በሰፈራችን ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ልጆቹ ከጥንት ስትወርድ የመጣች ትመስላቸዋለች። እኔ ግን የተነገረችበት ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ መነሻዋም ያ ሐሙስ ነው።

ይማም የክትባት ሠራተኛ ነበር። ሞተሯ የአባቱ የጋሽ አደም ናት። ጋሽ አደም በወጣትነታቸው ጨርቅ እየጫኑባት ሐይቅና ባቲ ገበያ ይወጡ ነበር፤ ከይማም በዕድሜ ትበልጣለች። እኔም ጥገናን ማንም አላስተማረኝም። ጋሽ አደም «ፍታት፣ ካበላሸሃትም አብረን እናለቅሳለን» እያሉ ስለለቀቁልኝ እሷን እየፈታሁና እየገጠምኩ ለመድኩ። ከይማም ጋር የተዋወቅነውም በእሷ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ውርጭ ነበር። ይማም ጋዙ እየያዘ እንዳስቸገረው ነገረኝ። እጀታውን ሲጠመዝዘው መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይዘላል፣ ሲለቀው ደግሞ ቶሎ አይመለስም። በሽታውን አውቀዋለሁ። ካርቡራቶሩ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ብረት አለች። ጋዝ ሲሰጥ ከእጀታው የሚመጣው ሽቦ፣ ካቦው፣ ወደ ላይ ይስባታል፤ ሲለቀቅ ሞላ ወደ ታች ይመልሳታል። አቧራና የቤንዚን ዝቃጭ ሲጋገርባት መውጣቱም መውረዱም ይከብዳታል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ካርቡራቶሩን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ በንጹሕ ቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ መግጠም። እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል አልኩት።

ይማም ክትባቱን ይዞ ከኋላ ያሰረውን የበረዶ ሳጥን በእጁ መታ መታ አደረገው። ከኮምቦልቻ ባሻገር ባለ አንድ ቀበሌ ኩፍኝ ገብቶ ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁት ነው፤ በረዶው ደግሞ እስከ ቀትር አይቆይም።

«ስድስት ሰዓት ስትለኝ ይሄ ሁሉ ውሃ ይሆናል» አለ። «ልጆቹን ውሃ ልውጋቸው?»

በሌላ ነገር እንዲሄድ ነገርኩት። ሌላ ነገር የለም አለ።

«ፈንቴ፣ አንተ የምትፈራው አባቴን ነው። አሁን ቀባ አድርጋትና ልሂድ። ቅዳሜ አመጣታለሁ፤ ያኔ እንደ ሙሽራ እጠባት።»

እኛ አገር የያዘ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቅባት ነው። በር ሲጥ ሲጥ ሲል ዘይት ነው፤ ቆዳ ሲደርቅና ጅማት ሲይዝ ቅቤ ነው። የካርቡራቶር ብረት ግን ደረቋን ሆና ነው የምትሠራው፤ ቅባት ከነካት አቧራ ትሰበስባለች። ይህን አውቅ ነበር። ክዳኑን ፈትቼ ብረቷን ሳብኳት። ጥቁር ነበረች፤ በጥፍሬ ስነካት እንደ ሙጫ ያዘችኝ። ዙሪያዋን ወፍራም ዘይት ቀባኋትና መልሼ ከተትኳት።

ጋዙ እንደ አዲስ ሆነ። ይማም እጀታውን ነካ ሲያደርገው ሞተሯ ወዲያው ትመልሳለች፤ ሲለቀው ወዲያው ረጋ ትላለች።

«አየህ? እስከ ስድስት ሰዓት ልታስቀምጠኝ የነበረው ወሬ ናፍቆህ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሄደ።

አራት ሰዓት ላይ መሞቱን ሰማሁ። ሐረጎ ቁልቁለት አንዱ ኩርባ ላይ፣ ሽቅብ ከሚመጣ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። እዚያ ስደርስ ሬሳው ተነሥቷል፤ ሞተሯ ግን ከመንገዱ ዳር እንደወደቀች ነበረች። ማንም ሳያየኝ የካርቡራቶሩን ክዳን ፈታሁ። አዲሱ ዘይት ከድሮው እድፍ ጋር ተለውሶ፣ በብርዱ ረግቶ፣ ብረቷን ከላይ ይዟታል። በጣቴ ገፋኋት፤ አልወረደችም። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት።

ይማም የዚያኑ ዕለት ከዐሥር ሰዓት በፊት ተቀበረ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከተቀመጥነው ግማሹ ይማም ድሮም ፍጥነት ይወድ ነበር፣ እንደ እብድ ነበር የሚነዳው ይላል። የቀረው የጭነት መኪናውን ሾፌር ይረግማል። እኔ ውሃ አቀዳለሁ፣ ምንጣፍ አነጥፋለሁ፣ ዝም እላለሁ። እውነቱን ካወጣሁት ጋሽ አደምን ሁለተኛ ቀና ብዬ የማያቸው አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ሾፌሩን ይዘውት መጡ። አስናቀ ይባላል፤ የወልድያ ሰው ነው። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በሩ ላይ ተንበረከከና «አፉ በሉኝ» አለ። ወሎ ላይ ይቅርታ የሚጠየቀው በዚህ ቃል ነው። አፉ ከተባለ በኋላ ነገሩ ተዘግቷል፤ ሁለተኛ አይነሣም።

የሽማግሌዎቹ አውራ ዋሴ ኡመር የሚባሉ የጋሽ አደም እኩያ ነበሩ። «አደም ወንድሜ፣ የአላህ ሥራ ነው። አፉ በለውና ዱዓ እናድርግ፤ ነገር ሲያድር ይከፋል» አሉ።

 ጋሽ አደም ግን ሾፌሩን ያየውን እንዲነግራቸው ጠየቁት።

«እኔ ዳሬን ይዤ ነበር አባቴ» አለ አስናቀ። «ቁልቁል መጣብኝ። ሞተሩ ይጮኻል። እሱ ሁለት እግሩን አውርዶ መሬት ለመሬት እየጎተተ ነበር።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

 ከጓዳ የሚሰማው የሴቶቹ ልቅሶ ጋብ አለ።

«ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ጋዝ ይዘጋል» አሉ ጋሽ አደም። «ለመቆም በእግሩ የሚታገል ሰው ጋዝ አይሰጥም። ልጄ አላበደም። ጋዙ አልዘጋ ብሎት ነው።»

ያችን ሞተር ከእኔ በቀር የሚነካት እንደሌለ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ማንም ወደ እኔ አልዞረም። እሳቸውም አልዞሩም፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ጠበቁ። አስናቀ ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው። ተነሥቼ ከአጠገቡ ተንበረከክሁ። ይማም መጥቶ ያለኝን፣ እኔ ያልኩትን፣ የቀባሁትን ዘይት ሁሉ ተናገርኩ።

ጋሽ ዋሴ እፎይ አሉ። «እሰይ፣ ተናገረ። አደም፣ ለሁለቱም አፉ በልና እንዝጋው» አሉ፤ ለዱዓም እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሽ አደም ተነሥተው ድንጋዩን ከአስናቀ አንገት ላይ አወረዱ። «ግባና ተቀመጥ ልጄ፣ አንተ ያጠፋኸው የለም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከወደቀች በኋላ ከፍተህ አይተሃታል?»

ይህን አልተናገርኩም ነበር።

«አይቻታለሁ ጋሼ።»

«መቼ?»

«በዚያው ዕለት። ሳይቀበር።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን እብድ ሲሉት እያወቅህ ሰማህ?»

«አዎ ጋሼ።»

ጓዳ ውስጥ የይማም እናት ጮኹ። ጋሽ ዋሴ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ዛሬ አፉ አልልህም» አሉኝ ጋሽ አደም። «ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። ሂድና ያልነገርከኝ ካለ አስበህ ተመለስ።»

ተመለስኩ። በሰባተኛው ቀን ሄጄ ዘይት እንደማይሆን ሳልቀባም አውቅ እንደነበር ነገርኳቸው። ሌላ ቀን ደግሞ ከጋራዡ ጥግ የራሴ ሞተር ቆማ እንደነበረና ላውሰው አስቤ ስስት እንደያዘኝ ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዳንድ ቀን የምናገረው ሳይኖረኝ ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ እመለስ ነበር። ሰፈሩ አዘነብኝ፤ በእሳቸውም አዘነ። ጋሽ ዋሴ ሽማግሌ ተደፈረ ብለው ጋሽ አደም ቤት መምጣት ተዉ።

በይማም የአርባ ቀን ሰደቃ ግን መጡ። ጋሽ አደም ከዱዓው በፊት ሰው መሐል ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ይዘው «አፉ ብዬሃለሁ» አሉ፤ ጋሽ ዋሴም ይህን ለማለት ልጁን ይህን ያህል ቀን ማመላለስ ለምን አስፈለገ ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ሳያጥቡ ቢቀቡ፣ እድፍ ደረቡ» ብለው መለሱላቸው።