እማማ ጃርት ያዳፈነችው እሳት

በድሮ ጊዜ ነው ልጆቼ። የአገሩን ስም አያቴም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በዚያ አገር አራዊት እንደ ሰው ጎጆ ቀልሰው፣ እሳት አንድደው ይኖሩ ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ መጀመሩን እንጂ ማባራቱን አላወቀም። ወንዙ ሞልቶ ማሳውን ወሰደ፣ ጣራው ሁሉ አፈሰሰ፣ በየምድጃው ያለው እሳት አንድ በአንድ ጠፋ። በመጨረሻ እሳት የቀረው በአሮጊቷ በእማማ ጃርት ቤት ብቻ ሆነ። እሷም የወይራ ፍሟን አመድ አልብሳ አዳፈነችውና፣ «አሁን ላካፍላችሁ ብል እርጥብ እንጨታችሁ ይገድለዋል። ዝናቡ ሲያባራ የሸክላ ገል ይዛችሁ ኑ፤ ሁላችሁም ትጭራላችሁ» አለቻቸው። ደረቅ እንጨት ስታጣ የገዛ ጎጆዋን ማገር እየነቀለች ፍሙን ትመግበው ነበር።

ይህ ነገር አያ ጅቦን አላስደሰተውም። ለምን አትሉኝም? አገሬው ተስፋ ቆርጦ ከተሰደደ አንካሳውና ግልገሉ መንገድ ላይ ይቀራላ። አያ ጅቦ ደግሞ የቀረ ማንሳት ይወዳል።

ጠዋት መጣና ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ጃርት ሆይ፣ እሳት አለሽ?»

«አለኝ።»

«የታለ? እኔ የማየው አመድ ነው።»

«የምታየውማ አመድ ነው» አለችው፣ ማገሯን እየፈለጠች።

አያ ጅቦ ከዚያ ወጥቶ ከቤት ቤት ዞረ። «አሮጊቷ አመድ ታቅፋ ታሞኛችኋለች። እህል የለ፣ እሳት የለ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» እያለ የስንቱን ልብ አቀዘቀዘ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

«ጃርት ሆይ፣ እሳት አለሽ?»

«አለኝ።»

«የታለ? እኔ የማየው አመድ ነው። እናትሽ ላገር ሁሉ እሳት የምታስጭር ሴት ነበረች። እሳት አመድ ወለደ ማለት ይሄው ነው።»

ይህ ቃል እማማ ጃርትን ልቧ ድረስ ወጋት፤ ያውም መውጋት የእሷ ሥራ ሆኖ ሳለ። ቢሆንም ቀና አለች። «አያ ጅቦ፣ እናቴ ያስተማረችኝ እሳት ማሳደር ነው። ማሳየት አላስተማረችኝም» አለችው።

በሦስተኛው ቀን አገሬው ጓዙን ሸክፎ ደጃፏ ተሰበሰበ። የዝንጀሮ ሚስት የሚንቀጠቀጥ ልጇን አቅፋ ወደ ፊት መጣች።

«እማማ፣ ልጄ በብርድ ሊሞትብኝ ነው። ካለ ያሳዩን፣ ከሌለ እንሂድ።»

እማማ ጃርት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልጄ፣ ለዓይንሽ ብዬ ብገልጠው ይሄ እርጥብ ነፋስ ያጠፋዋል። ነገ ልጅሽን በምን ላሙቀው? ደመናው ሳስቷል። አንዲት ቀን ስጭኝ» አለቻት።

«ቀን የምትለምነው ስለሌላት ነው» አለ አያ ጅቦ። «ቆይ እኔ ላሳያችሁ» ብሎ አገሬውን ገፍቶ ገባና የፊት እግሩን አመዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ዶለ።

ጩኸቱ ወንዝ ተሻገረ ይባላል። በሦስት እግሩ እየዘለለ፣ ጠጉሩ እየጨሰ ሲሸሽ አገሬው ሁሉ አየው። እማማ ጃርት ግን አላየችውም። አመዱን ቶሎ ቶሎ ትመልስ ነበር።

የዝንጀሮ ሚስት ጓዟን መሬት አወረደች። ከዚያ አንካሳው ፍየል አወረደ፣ ከዚያ ሁሉም አወረዱ። የየራሳቸውን ጣራ ማገር እየነቀሉ አመጡላት፤ ልጆቹንም በዚያ በአመዱ ዙሪያ አስተኟቸው። አንድም ልጅ አልሞተም።

ፀሐይ በማግስቱ ሳይሆን ከአራት ቀን በኋላ ወጣች። አገሬው ገሉን ይዞ ተሰለፈ።

«እማማ፣ እሳት አለ?»

«አለ» አለች እማማ ጃርት፣ እሾኋን አቁማ እንደ ሙሽራ እየተጎማለለች። ያን ዕለት ከየጎጆው ጭስ ወጣ። ጭሱን ከሩቅ ያየው አያ ጅቦ እግሩን እየላሰ ወደ ሌላ አገር ሄደ። እስከ ዛሬ ሲሄድ ያነክሳል።

እኔ የተረቴን ፍም በገል አድርጌላችኋለሁ፤ ሂዱና ለጎረቤት አስጭሩ። አያቴ ስትጨርስ እንዲህ ትል ነበር፤

እሳት አመድ ቢወልድ፣ አመድም እሳት ያሳድራል፤ ለሚያዳፍን እንጂ ለሚጎረጉር አይታይም።