የጋሽ ሙሄ ኮምፒውተር

አንድ ቀን፣ ኮምቦልቻ ላይ፣ የጋሽ ሙሄ ጌም ቤት ጠጠር መጣያ አልነበረውም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የኳስ ጌም ፍጻሜ የሚጫወቱበት እሑድ ነው። በቤቱ ካሉት ኮምፒውተሮች ትልቅ ጌም የሚችለው ያ ጥግ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ እሱን ነው የሚያየው። ቤቱን የሚያስተዳድረው ደምሌ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጎን ቆሞ በልቡ «አደራህን፣ ዛሬን ብቻ!» ይለዋል።

ጨዋታው እኩል ለእኩል አልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ደረሰ። የታች ሰፈሩ ተጫዋች መታ። ኳሷ ተነሣች፣ በረረች፣ መረቡ ጋ ልትደርስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት አየር ላይ ቀጥ አለች። ግብ ጠባቂውም እንደተወረወረ አየር ላይ ተጋድሞ ቀረ። ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጓል።

«ገብታለች!» አሉ የታች ሰፈሮች።

«የታባቷ ገባች? ያቻትና ውጭ!» አሉ የላዮቹ።

ደምሌ ነካካው፣ ጠበቀው፣ ለመነው፤ አልሰማ ሲለው አጥፍቶ አበራው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኳሷም፣ ግብ ጠባቂውም፣ ውጤቱም የሉም። ሊደባደብ የደረሰው ሰው ሁሉ ድብድቡን ትቶ ደምሌን ሲሰድብ ቆየና፣ ግር ብሎ ወጥቶ ከመናኸሪያው ጀርባ ወደተከፈተው አዲስ ጌም ቤት ነጎደ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በአንድ ነገር ሲስማሙ ሲታይ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ባለቤቱ ጋሽ ሙሄ መጡ። ጋሽ ሙሄ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፤ ልጅ ሊዳር ሲል ዘር ቆጥረው «ዝምድና አላቸው፣ የላቸውም» ብለው የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። አፋቸው ማር ነው። እጃቸው ብቻ ወደ ኪሳቸው ሲሄድ መንገድ ይጠፋዋል።

ባዶ ወንበሮቹን አዩና «ቤቱ እንዲህ ከሆነማ ሲሚንቶ ነጋዴው ለመጋዘን ይፈልገዋል» አሉ።

ደምሌ ፈጠን ብሎ ቀረባቸው። ሚስቱ ዙሪያሽ መውለጃዋ ደርሷል፤ የሚገባበት ሌላ ሥራ የለውም።

«ጋሽ ሙሄ፣ ሰዉ እኮ የሚመለስ ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ይቀየርልን።»

«ምኑ?»

«አንጎሉ። የሚያስበው፣ ሌላውን የሚያዘው እሱ ነው።»

«አምና ‹የስክሪን ካርዱ ካልተቀየረ ሞቼ እገኛለሁ› አልክ፤ ቀየርን። ዘንድሮ አንጎል መጣ። ለከርሞ ደግሞ ልብና ጉበት ልትለኝ ነው?»

«ምስል የሚያወጣው ካርዱማ ጎበዝ ነው። ችግሩ፣ አንዱ በሬ ብርቱ፣ አንዱ ደካማ ሲሆን ጥማዱ የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው።»

«አቧራ ይሆናላ! ጥረገው።»

«ጠርጌዋለሁ።»

«እንግዲያው ሞቆት ነው። ማራገቢያ አዙርለት።»

«አዙሬለታለሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ከሁላችን በላይ ንፋስ የሚመታው እሱ ነው።»

ጋሽ ሙሄ አላመኑም። «ሰው ይየው» ብለው ኮምፒውተር ጠጋኙን ወንድይፍራውን አስጠሩ። ወንድይፍራው መጣ፣ ክዳኑን ፈታ፣ በባትሪ አየና ተነፈሰ።

«ደምሌ እውነቱን ነው። ይሄ ፕሮሰሰር እኮ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ዓለም ስንት ትውልድ ጥሎት ሄዷል። ሲቀየር ደግሞ የተሰካበት ሰሌዳም አብሮ ይቀየራል። አዲሱ አሮጌው ላይ አይገጥምም።»

«ጥርሴን አመመኝ ላለ ሰው መንጋጋውን ይነቅሉለታል?» ብለው ሊቆጡ ሲሉ፣ ጋሽ ሙሄ ድንገት ፊታቸው በራ። «ቆይ፣ ቆይ። ስንተኛ ትውልድ አልክ?»

«አራተኛ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኩታቸውን አስተካከሉ፤ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልክ ሠርግ ቤት ዘር ሊቆጥሩ ሲነሡ እንደሚሆኑት ሆኑ። ጨዋታ ፈልገው ገባ ገባ ያሉ ጎረምሶችም ነገር ሲሸታቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«ስሙ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሙሄ። «እዚህ አገር እስከ አራት ትውልድ የዘለቀ ነገር ካለ አሳዩኝ። አባት የሠራውን ቤት ልጅ ይሸጠዋል፤ የልጅ ልጅ የአያቱን ስም ይረሳል። አራተኛ ትውልድ ደርሷል የምትሉትን አንጋፋ እናንተ አውጥታችሁ ልትጥሉት? ሲገባ ብድግ፣ ሲወጣ ሸኘት ተደርጎለት ይኖራል እንጂ! እኔ በቁሜ ሽማግሌ ከቤቴ አይባረርም። በቃ፣ አይነካም!»

ወንድይፍራው ፊቱ ቀላ። «ኧረ ጋሽ ሙሄ፣ ትውልድ ማለት እኮ እዚህ ጋ የሚሠራበት…» ብሎ ሲጀምር ደምሌ ክርኑን ያዝ አደረገው። ጋሽ ሙሄ ማስረጃ የሚረታቸው ሰው አይደሉም፤ ይሄንን ደምሌ ጠንቅቆ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እውነትዎን ነው። በዚህስ ረቱኝ።»

«አሁን ልብ ገዛህ!» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ ደረታቸው ነፋ ብሎ።

«አንጋፋ ነው ካሉ አንጋፋ ነው። ሽማግሌ መከበር አለበት ካሉም፣ መከበር አለበት።»

«አለበት!»

«እንግዲያው እርስዎ ሽማግሌ ነዎትና ይፍረዱኝ» አለ ደምሌ። «አራት ትውልድ ያየን ሽማግሌ፣ ‹ቁጭ ይበሉና ይመርቁን› ይሉታል እንጂ ‹ይነሡና ከጎረምሳ ጋር ኳስ ይጫወቱ› ይሉታል?»

በሩ ላይ የቆሙት ጎረምሶች በሳቅ ተንከተከቱ። ወንድይፍራው መፍቻውን ጣለ። ጋሽ ሙሄ ለመኮሳተር ሞከሩ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። መጨረሻ ላይ ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«በል ንቀለው» አሉት ወንድይፍራውን። «በክብር ግን!»