ያልተቀበረችው ሴት

አንድ አለቃ ነበረ። ሚስት ነበረችው፤ ሚስቱም ወንድም ነበራት፤ ወንድሟም የሌላ ጎሳ አለቃ ነበረ።

ቁጭ በል ኒያ፣ ስጨርስ ትሄዳለህ። የዚህ የስደተኛ ሰፈር ሹም «ከእናንተ ከህሞንጎች አንድ አለቃ ምረጡ» ቢል፣ አንተ ሮጠህ መጥተህ «አባባ፣ ላኦስ ተራራ ላይ የነበረውን አገራችንን ያጠፋው ከውሃ መቅጃው ወዲያ ያሉት የነዚያ ጎሳ አይደለም ወይ? ለምን ከእኛ ጎሳ፣ ለምሳሌ እኔን፣ አትመርጡም?» አልከኝ። ደሜ ፈላ። አገሬን ተነጥቄ፣ በሰው አገር የቀርከሃ ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ፣ ይህንኑ ጥያቄ ደግሜ ልስማ? እንግዲያው መልሱን ስማ።

ሁለቱ አለቆች በአንድ ተራራ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ባልየው ከላይ፣ ወንድምየው ከታች። በእኛ ዘንድ ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባም። ስለዚህ የታችኛው መንደር ሴት ልጅ የላይኛው ሚስት ትሆናለች፣ የላይኛውም ልጅ የታችኛው። በቆሎ ሲዘሩ፣ ከኦፒየም ተክሉ ፍሬ ላይ ወተቱን ሲፍቁ አማች ለአማች ይተጋገዝ ነበር።

አገሩን ይገዛ የነበረው ፈረንሳዊ ሹም ግብር የሚሰበስብለት ሰው ፈለገ። ማኅተም አስቀረጸና ለወንድምየው ሰጠው። ወንድምየው ግብሩ በዛ ብሎ ሲያጉረመርም ነጥቆ ለባልየው ሰጠው። ፈረንሳዊው የሁለቱንም ስም አጥርቶ መጥራት እንኳን አይችልም ነበር። እነሱ ግን አበዱ። ባልየው ማኅተሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይተኛ ጀመር። ወንድምየው «ከእጄ የተሰረቀ ነው» እያለ ይዝት ገባ። ጦርነት መጥቶ የሌላ ወገን ወታደሮች ሸለቆው ውስጥ ሲታዩም፣ ማኅተሙን ያስመልሱልኛል ብሎ መንገድ መራቸው።

ሴትየዋ በሁለቱ መካከል ትመላለስ ነበር። ለባሏ «ወንድሜ ነው እኮ፣ ተው» ትላለች፤ ለወንድሟ «ባሌ ነው እኮ፣ ተው» ትላለች። ላይ ሰላይ አሏት፣ ታች ከሃዲ አሏት። በክረምቱ ዝናብ ስትወጣ ስትወርድ ብርድ መታትና ሞተች።

ወጋችንን ታውቀዋለህ፤ የረሳኸው ስለምትመስል ግን ልንገርህ። ያገባች ሴት ስትሞት፣ የተወለደችበት ጎሳ መጥቶ ፊቷን አይቶ፣ እንዴት እንደተያዘች ጠይቆ፣ «ቅበሯት» ሳይል አፈር አይነካትም። የቀርከሃ ዋሽንት ነፊውም ነፍሷን በዜማ እየመራ፣ በተወለደች ጊዜ እንግዴ ልጇ ወደተቀበረበት ይወስዳታል። የሴት ልጅ እንግዴ ልጅ የሚቀበረው በወላጆቿ አልጋ ሥር ነው። የወላጆቿ ቤት ደግሞ አሁን የወንድሟ ነው።

ባልየው አንድ ሽማግሌ ወደ ታች ላከ። ወንድምየው፣ «ማኅተሙን በሁለት እጁ ያስረክበኝ፤ ያኔ እመጣለሁ» አለ። ሽማግሌው እያለቀሰ ወጥቶ ይህንኑ ተናገረ። ባልየውም፣ «ማኅተሜን ከምሰጠው እዚሁ ትበስብስ!» አለ።

እዚሁ ትበስብስ አለ፣ ኒያ። የልጆቹን እናት!

ዋሽንት ነፊው ከንፈሩ እስኪደማ ነፋ። በዜማው ነፍሷን እስከ ወንድሟ ደጃፍ ያደርሳታል፤ በሩ ዝግ ነው፤ ይዟት ይመለሳል። ዝንቡ በዛ። ጎረቤቶች ሽታውን መቋቋም አቅቷቸው ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ሁለቱ ወንዶች ግን አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ይተያዩ ነበር።

በመጨረሻ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ከከተማ መጣና ወሬውን ነገራቸው። ፈረንሳዊው ከሄደ ሰንብቷል። ባንዲራውን አውርዶ፣ ጓዙን ጭኖ አገሩ ገብቷል። ማኅተሙን መልሱልኝ ለማለት እንኳን ትዝ አላለውም። ሬሳ ሳይቀበር ያስቀሩለት ያ ማኅተም የማንም መንግሥት ማኅተም አልነበረም! ወታደሮቹም መንገዱን ካወቁ በኋላ መሪ አላስፈለጋቸውም፤ የታችኛውን መንደር አስቀድመው አቃጠሉት፣ ከዚያ የላይኛውን። ሁለቱ ጎሳዎች በአንድ መንገድ ሸሹ። ድንበሩ ላይ ሜኮንግ ወንዝ ሲደርሱም ውሃው የዚህኛው ጎሳ ነህ፣ የዚያኛው ነህ ብሎ ሳይጠይቅ በላቸው። ሴትየዋ እዚያው ቀረች። ቅበሯት ያለ የለም።

በል አሁን ጥያቄህን ድገምልኝ። የማን ጎሳ አጠፋት ነው ያልከኝ? ያቺ ሴት አገራችን ናት። የአንዱ ሚስት፣ የአንዱ እህት ናት፤ ሁለቱ አብረው ስላልቆሙላት መኖር ቀርቶ መቀበር እንኳን አልቻለችም። ማኅተሙ ደግሞ ዛሬ የሰፈሩ ሹም የሚያሳይህ ሹመት ነው። እሱም ነገ ጓዙን ጭኖ ይሄዳል፤ ስምህንም አጥርቶ አይጠራውም። አንተ ግን ከአሁኑ አንገትህን አዘጋጅተህ መጣህ። አታፍርም?

ሚስትህ የነሱ ልጅ አይደለችም? ወንድሞቿ ከውሃ መቅጃው ወዲያ አይደሉም ያሉት? ተነሥ፣ ቤትህ ግባ። ዓይን ዓይኗን እያየህ፣ «አለቃ ልሆን ነው፤ ስትሞቺ ግን ቅበሯት የሚል አይመጣልሽም» በላት። ይህን ማለት ከቻልክ ተመልሰህ ና፤ እኔም እመርጥሃለሁ።