የሐረጎው ቸርኬ

እዚህ ኮምቦልቻ ሰው ልጁን ሲድር፣ ቤት ሲያሠራ፣ ሥራ ሲለቅ የሚላት አንዲት አባባል አለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለጓደኛው ሲላት ሰምቼ፣ ከየት እንደመጣች ብጠይቀው «ከጥንት አባቶች ነዋ» አለኝ። ምን ዓይነት ጥንት ነው እሱ? ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ያላትን ሰው አውቀዋለሁ። የተባለችበትንም ልጅ በዚሁ እጄ አንስቼዋለሁ። ታሪኳን ሳያውቁ ሲደጋግሟት ያናድደኛል፤ ስለዚህ አባባሏን አላስቀድምላችሁም፣ መጀመሪያ ነገሩን ስሙ።

ልጁ አበጋዝ ይባላል፤ የእማ ፋጤ አንድ ልጅ። ቀን ቀን ሲሚንቶ ያወርዳል። ጠዋት ደግሞ ሥራ ሳይገባ በሳይክል የሐረጎን ዳገት ይወጣል። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ነው። እኔ ያን ጊዜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ፤ ስወጣው መኪናዬ እያቃሰተ በሁለተኛ ማርሽ ነው። አበጋዝ በጎኔ ብቅ ይልና «ጋሼ፣ ልግፋልዎት እንዴ?» ብሎኝ ያልፋል። ባለጌ ነው እያልኩ እስቃለሁ። እወደው ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ።

በዚያ ዓመት ከዳገቱ ግርጌ እስከ ጫፉ የሳይክል ውድድር ተዘጋጀ። አንደኛ የወጣውን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ይወስደዋል፣ ደሞዝም ማደሪያም አለው ተባለ። አበጋዝ ሲሚንቶው ደረቱን ይዞት፣ ሌሊቱን ሲስል ማደር ጀምሮ ነበር። እናቱ «ዘንድሮ ከዚህ አቧራ ካልወጣህ እኔ ነኝ የምቀብርህ» ትለዋለች። ለእነሱ ውድድሩ የዋንጫ ጉዳይ አልነበረም።

ታዲያ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሳይክሉ ቸርኬ ጉድጓድ ገባና ስምንት ቁጥር ሆነ። ቸርኬ ማለት ጎማው የሚለብስበት ክብ ብረት ነው፤ እሱ ከተጣመመ ሳይክሉ አይሄድም። አበጋዝ ተሸክሞት ጋሽ ሙሄ ዘንድ ሄደ።

ጋሽ ሙሄ መናኸሪያው አጠገብ አርባ ዓመት ሳይክል የጠገነ ሰው ነው። ጨዋታ አያውቅም። ቸርኬውን ያሽከረክርና ጠመኔ ያስጠጋበታል፤ ጠመኔው የነካው ቦታ ጠማማው ነው፤ እዚያ ጋ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂ የሚባሉትን፣ አንድ በአንድ ይወጥራል። ለአበጋዝ ሁለት የአሉሚኒየም ቸርኬ አዘጋጀለት።

«ሠላሳ ሁለት ራጂ አለው» አለው። «ርካሽ ነው። ጉድጓድ ቢመታው ይጣመማል እንጂ አይሰበርም፣ ከተጣመመም እኔ አለሁ። ትንሽ ይከብዳል።»

«ምን ያህል ይከብዳል ጋሼ?»

«የአንድ ጠርሙስ ውሃ ያህል። እሱ ከቆጨህ ጠርሙሱን ጥለህ ውጣ።»

ልጁ ሊወስደው እጁን እንደዘረጋ ፍቅሩ የሚባል ደላላ ከች አለ። ጥቁር የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ይዟል፤ ካርቦን ይሉታል፣ ብረት አይደለም፣ እጅግ ቀላል ነው። አዲሱን እኛ በሕልማችንም አንገዛው። ይሄኛው ግን ያገለገለ ነው ተብሎ ዋጋው ከጋሽ ሙሄው ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ የኛን አገር ሰው ጉድ ልንገራችሁ። በግ ስንገዛ ወገቡን እንጨብጣለን። ቸርኬ ስንገዛ ደግሞ በትንሿ ጣታችን አንጠልጥለን እናነሳዋለን። ትንሿ ጣት ካልታጠፈች ዕቃው ምርጥ ነው፤ ከታጠፈች ለእህል ጫኝ ይሁን እንላለን። ማን እንዳስተማረን አላውቅም። የዚያን ቀን እዚያ የነበርን ሁሉ ተራ በተራ አነሳነው። የኔም ጣት አልታጠፈችም።

«ላባ ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም።

ጋሽ ሙሄ አላነሳውም። ጉልበቱ ላይ አጋደመውና በጥፍሩ ዙሪያውን መታ መታ አደረገው። አንድ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ታፈነ። መለስ ብሎ ደገመው።

«ይሄ እዚህ ጋ ተሰንጥቆ ቀለም ተቀብቷል» አለ። «ባይሰነጠቅም ይሄ ነገር ሙቀት አይወድም። ፍሬን ቸርኬውን ነክሶ ነው የሚያቆም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲነክሰው ይግላል። ብረት ቢሆን ሙቀቱን ይችለዋል። ይሄ ይለሰልሳል።»

ፍቅሩ ሳቀ። «ጋሽ ሙሄ፣ ውድድሩ እኮ ዳገት ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያልቃል፣ መውረድ የሚባል ነገር የለም።»

ጋሽ ሙሄ ወደ አበጋዝ ዞረ። «ቤትህ የት ነው?»

«እዚሁ ኮምቦልቻ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መውረድ አለ።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ለነገሩ መፍትሔ አበጀሁለት። «ሳይክሉን እኔ በመኪናዬ ጭኜ አወርደዋለሁ፣ ምን ችግር አለ?» አልኩ። አበጋዝ አንዴ ጋሽ ሙሄን፣ አንዴ ጥቁሩን ቸርኬ እያየ ቆየ። ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሌሊቱን ሲስል ያደረ ልጅ ነው። ጥቁሩን ወሰደ። ጋሽ ሙሄም አልተቀየመውም፤ በገዛ እጁ ገጠመለት።

የውድድሩ ዕለት ከሰዓት በፊት እኔ ዳገቱ ጫፍ ላይ መኪናዬን አቁሜ ነበር። ጋሽ ሙሄ አብሮኝ መጥቷል። ሲሳፈር እነዚያን የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። «ለምን ነው?» አልኩት። «ምናልባት» አለ።

አበጋዝ ከሁሉም ቀድሞ ብቅ አለ። ከሱ በኋላ ያለው ሰው እስኪታይ ድረስ ብዙ ጠበቅን። እንደዚያ ያለ አወጣጥ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ ወላሂ። የክለቡ አሰልጣኝ እጁን ጨብጦ «ሰኞ ተነስተህ ና» አለው። ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ነገሩ በቃ ብዬ ባበቃላችሁ ደስ ባለኝ። ግን ከታች ስልክ ተደወለ። የሰፈሩ ሰው ከእማ ፋጤ ጋር ግርጌው ላይ ተሰልፎ፣ ከበሮ ይዞ እየጠበቀ ነው አሉ። የኛ ሰው ደግሞ አሸናፊ ተጭኖ ሲመጣለት አይወድም። በፈረስ ጉግስ ያሸነፈ በፈረሱ ነው ሰፈሩ የሚገባው፤ በሳይክል ያሸነፈም በሳይክሉ ነው። በጭነት መኪና ላይ እንደ ጤፍ ከረጢት ተቀምጦ ቢወርድ ሴቶቹ ለማን እልል ይላሉ?

ጋሽ ሙሄ ጨርቁን ፈታ። «አምስት ደቂቃ ስጠኝ፣ ልጄ። ቸርኬውን ልቀይርልህ፣ ከዚያ እንደፈለግህ ውረድ።»

አበጋዝ አፈረ። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። «ያሸነፍኩበትን አውልቄ በሌላ ልግባ፣ ጋሼ? ምን ይሉኛል?»

ያን ጊዜ እኔ አንድ ቃል ብናገር ይሰማኝ ነበር። እኔ ሹፌር ነኝ። ሐረጎን በፍሬን የወረደ ሹፌር ፍሬኑ ተቃጥሎ ገደል እንደሚገባ፣ በማርሽ መውረድ እንዳለበት ማንም አይነግረኝም። ሳይክል ደግሞ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ማርሽ የለውም፤ ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያልኩት ግን፣ «እናቱ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ አታስረፍዱት» ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ንግግሬን እረግማታለሁ።

ጋሽ ሙሄ ጨርቁን መልሶ ጠቀለለ።

አበጋዝ ከፊት፣ እኔ በመኪናዬ ከኋላው ሆነን ወረድን። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ከዚያ አንድ የነዳጅ ቦቴ ከፊቱ ገባ፤ ቦቴው እንደ ደንቡ በዝግታ ይወርዳል፣ ከታች የሚመጣውም መኪና ብዙ ስለሆነ መቅደም አይቻልም። ልጁ ጣቱን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሳ ጠመዝማዛውን ሁሉ ተከተለው። ጋሽ ሙሄ አጠገቤ ሆኖ መስኮቱን አወረደ።

«ቁም በለው» አለኝ። «ጥሩንባ ንፋ፣ ቁም በለው።»

ነፋሁ። አበጋዝ የደስታ መስሎት ወደ ኋላ ሳይዞር እጁን ወደ ላይ አነሳልኝ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው መታጠፊያ ላይ የፊተኛው ቸርኬ እንደ ደረቅ እንጨት ጧ አለ። ሳይክሉ በአፍጢሙ ተተከለ፤ ልጁ ከአስፋልቱ ጠርዝ ግንብ ጋር ተላተመ። መኪናዬን አቁሜ ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር። ጋሽ ሙሄ ጎንበስ ብሎ ጨፈነለት፣ ኢናሊላሂ አለ። እኔ ቸርኬውን ነካሁት፤ ጣቴን አቃጠለኝ።

በመኪናዬ ጭነን አወረድነው። ታች ያሉት ስንመጣ አዩና ሴቶቹ እልልታውን ጀመሩት። ከፊታቸው እማ ፋጤ ነበረች። ከዚህ ወዲያ ያለውን አልተርክላችሁም፤ አልችልም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ተሰብስበን ሰዉ እንደ ልማዱ ያወራል። አንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። አንዱ ፍቅሩን ይረግማል፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻን አልረገጠም። እኔ ራሴን ላጽናና ብዬ፣ «ያም ሆነ ይህ ቸርኬው ዳገቱን እንደሆነ አውጥቶታል፣ አሸንፎ ነው የሞተው» አልኩ።

እማ ፋጤ ከጥጓ ቀና አለች።

«ሙሄ» አለች፣ «ልጄን መክረኸው ነበር አሉኝ።»

ጋሽ ሙሄ አንገቱን ደፋ።

«ለሱ አልፏል» አለች። «በር ላይ የቆሙት ጓደኞቹ ናቸው፣ ነገም ይሄንኑ ዳገት የሚወጡ ናቸው። ለእነሱ ንገራቸው፣ ሌላ እናት እንደኔ እንዳትቀመጥ።»

ጋሽ ሙሄ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸውና፣ «ልጆቼ፣ ለዳገት የሚመርጥ ቁልቁለቱን ያማክር» አላቸው።