ወረንጦውን መልቀቅ ያቃተው መምህር

አንድ መምህር ነበረ። ስንዱ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፤ አስቀድመሽ ግን ይህን ስሚ።

መምህሩ ኮሌጅ ውስጥ ዘረመል ያስተምራል፤ ሰውም ሆነ እህል ከወላጆቹ ምን ወርሶ እንደሚመጣ ማለት ነው። አዋቂ ነው፣ ደግም ነው። ጣጣውንም ያመጣበት ይኸው ደግነቱ ነው።

ይህ ሰው አንድ የጥንት ገብስ ነበረው። ዋግ የሚሉት የሰብል በሽታ አይነካውም፤ አገዳው ግን ደካማ ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ይጋደማል። ገበሬውም ትቶታል። የመምህሩ ምኞት ይህን ገብስ አገዳው ከጠነከረ ሌላ ገብስ ጋር አዳቅሎ፣ ጡረታ ሳይወጣ ፍሬውን ማየት ነበር።

ለማዳቀል ደግሞ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ገብስ በአንዲት አበባው ውስጥ ወንዴውንም ሴቴውንም ይዞ ራሱን በራሱ ያራባል። ስለዚህ የጥንቱ ገብስ አበባ ከመፍካቱ በፊት ገለፈቱን ከፍቶ ወንዴዎቹን በወረንጦ መንቀል፣ ከዚያ የሌላውን ገብስ ብናኝ በሴቴዋ ላይ ማራገፍ ነው። ወንዴው ሳይነቀል ከቀረ ገብሱ ያው ራሱን ይወልዳል፤ ሴቴዋ ከተነካች ደግሞ ፍሬ የለም።

መምህሩ ተማሪዎቹን «ይህ ነገር ከመጽሐፍ አይገባም፤ በእጃችሁ ሥሩ» ብሎ ወደ ቤተ ሙከራው አስገባቸው። ሥሩ ይበል እንጂ ሲሠሩ ማየት አልሆነለትም። አንዱ አበባውን ሲደፈጥጥ፣ ሌላዋ ወንዴውን ስትረሳ አንጀቱ አልችል አለው። እናም ልጆቹ ምሳ ሲወጡ እሱ ይገባል። የተረሳውን ወንዴ ይነቅላል፤ የተበላሸውን ዛላ ቆርጦ ይጥልና ሌላ አዘጋጅቶ የልጁን ስም ያንጠለጥልበታል። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዓይኔ እያየ ይጥፋ?» ይላል ለራሱ።

ዘሩ ሲበቅል ቡቃያው ሁሉ ከግርጌው ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ይህ ቀለም አገዳው የጠነከረው ገብስ ምልክት ነውና ማዳቀሉ ሠምሯል ማለት ነው። ተጨበጨበ። በተለይ አንዲት ተማሪ «እጀ ወርቅ» ተባለች፤ እሷም አመነች። መምህሩም ደስ አለውና ዝም አለ።

የተገኘው ዘር ግን ጥቂት ስለነበረ በዓመቱ ሥራው ይደገም ተባለ። ለመምህሩ የመጨረሻው ዓመት ነበር። አበባው ሊፈካ ባለበት ሰሞን ደረጃ ላይ አዳለጠውና ቀኝ እጁ ተሰብሮ በጀሶ ታሰረ። አበባ ደግሞ የሰው እጅ እስኪድን አይጠብቅም።

ተማሪዎቹ ምንም አልደነገጡም። «መምህር፣ እርስዎ ይረፉ፤ እኛ አለን» አሉት። ያቺ እጀ ወርቅ የተባለችው ቀድማ ወረንጦውን አነሣች። ገለፈቱን ከፈተችና ወንዴውንም ሴቴውንም አንድ ላይ መንጭቃ አወጣች። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ጓደኞቿም አልተሻሉም።

ልጅቷ ጣቶቿን እያገላበጠች አየቻቸው። «መምህር፣ አምና እኮ እንዲሁ ነው የሠራሁት። ምነው ዘንድሮ እጄን ምን ነካው?» አለችው።

«የዘንድሮ አበባ ክፉ ነው» ቢላት ታምነው ነበር። ቃሉም አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዚያች ልጅ ፊት አሳዘነው።

«እጅሽ ምንም አልሆነም ልጄ» አላት። «አምና ፍሬ የያዘው የእኔ ሥራ ነው። ምሳ ስትወጡ እየገባሁ አስተካክል ነበር።»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «በሰው ወርቅ አይደምቁ ሲባል እሰማ ነበር» አለችና እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ መምህር።»

መምህሩ በደግነቱ ሰው የበደለ መሆኑ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ክፉኛም አፈረ።

እሷ ግን እንባዋን ጠረገችና ወረንጦውን መልሳ ያዘች። «በሉ እንግዲህ ይንገሩኝ፤ እኔ ልሥራ። በአፍዎ ብቻ!»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለልጆቹ ሥራ፣ ለመምህሩ ምጥ ነበር። አበባ በተቀጠፈ ቁጥር እሱ ያቃስታል። «ቀስ! ገለፈቱን ብቻ! ወይኔ!» ይላል። ልጆቹ መጀመሪያ ተሳቀቁ፣ ኋላ ግን እሱ ሲያቃስት መሳቅ ጀመሩ፤ እጃቸው የተፍታታው ከሳቁ በኋላ ነው። ዛላው ሲደርስ ጥርሰ ወላቃ ነበር፤ ፍሬው እዚህም እዚያም ብቻ ጣል ጣል ያለ። ካምናው ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። ሲዘራ ግን ከአረንጓዴው መሐል ግርጌው ሐምራዊ የሆነ ቡቃያ ብቅ ብቅ አለ። ትንሽ ነው፤ ግን የነሱ ነው።

መምህሩ ጡረታ ወጣ። ገብሱ ግን አልቆመም። በሌላ ዓመት ሊጠይቃቸው ቢመጣ፣ ያቺ ልጅ ለአዲስ ተማሪዎች ወረንጦ አያያዝ ታሳያለች። አንዱ አዲስ ተማሪ አበባውን ሊደፈጥጥ ሲል የመምህሩ እጅ ሳያስበው ተዘረጋ። ልጅቷ እጅጌውን ያዝ አደረገችና፣ «ይተዉት መምህር፣ ይልመድ» አለችው። እሱም ሳቀና እጁን ኪሱ ከተተ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም ይባላል።

አየሽ ስንዱ፤ አንቺም «የእህቴን ልጅ ልብስ ስፌት ላስተምር ብዬ ጨርቄን ጨረሰችብኝ፤ መቀሱን ልቀማት ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያበላሸችውን ማታ ማታ ፈትተሽ እንደምትሰፊላትና ደንበኞችሽ እሷን እንደሚያመሰግኗት የነገርሽኝም አንቺው ነሽ። እንግዲህ ያ መምህር አንቺ ነሽ። ጨርቁን አትርፈሽ ልጅቷን እያከሰርሽ ነው። አንድ ቀን አንቺ ታመሽ ብትተኚ፣ ያቺ ልጅ ደንበኛ ፊት ቆማ እጄን ምን ነካው ትላለች። አሁን ሂጂና ደህናውን ጨርቅ ዘርግተሽ ትቁረጠው። ስትቆርጥ ማየት ካልቻልሽ ደግሞ ወደ እኔ ነይ፤ እዚህ ተቀምጠን አብረን እንጨነቃለን።