ልብስ ሰፊዋና የማያልቀው ምርመራ

አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሽማግሌው ጋሽ ስንሻው የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው፤ የተጠየቁት ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር። አዝመራው በሰፈሩ ሽምግልና ከገባ ገና ሁለት ወሩ ነው። የአንድ ባልና ሚስት ጠብ አራት ቅዳሜ ፈጅቶበት ታከተው። ጥፋቱ የባልየው መሆኑን የመጀመሪያው ምስክር ከተናገረ በኋላ ሌላ ሰው መስማት ለምን ያስፈልጋል? ከታረቁስ ወዲያ በየወሩ ቤታቸው እየሄዱ መጠየቁ ምን ይረባል? ብሎ ጋሽ ስንሻውን ጠየቃቸው። ሽማግሌው መልስ ከመስጠት ይልቅ ይህን ነገሩት።

ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። መርፌ የምትይዘው ከረፋዱ በኋላ ነው። ፀሐይ ያገኛት ቀን ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ የሚያቃጥል ሽፍታ ይወጣል፤ ጸጉሯም ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ክሊኒክ ሄደች። ደሟን ወስደው ታይፎይድ ነው አሏት። መድኃኒቱን ጨረሰች፤ ጣቶቿ ግን እንደዚያው ናቸው። ሌላው ክሊኒክ ደሟን ወስዶ የደም ማነስ ነው አላት። ሦስተኛው ደግሞ ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ከለከላት፤ እሷ ሥጋ ከቀመሰች ስምንት ወር አልፏት ነበር። አንድ የሰርግ ቀሚስ ሳይደርስ ቀረና ደንበኞቿ ሰንፋለች ማለት ጀመሩ።

በመጨረሻ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች። በዕድሜ የገፉ ሐኪም ተቀበሏትና እስካሁን ምን ምን እንደተመረመረች ጠየቋት። ከዓመት በላይ የሰበሰበችውን ወረቀት ሁሉ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈችው። ሐኪሙ ወረቀቱን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው፣ አንብበው፣ እንደገና የደም ምርመራ አዘዙ። ልትጮህ ምንም አልቀራት።

ይኼኛው፣ ሰውነቷ የገዛ ራሱን የሚያጠቃ ነገር በደሟ ውስጥ እያመረተ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ምርመራ ነው ብለው አስረዷት። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ አለ ብሎ መጣ። እንግዲያው የበሽታውን ስም ይንገሩኝና መድኃኒቱን ይስጡኝ አለች።

«ገና አልነግርሽም» አሏት። «ይህ ምልክት ምንም የማያማቸው ሰዎች ደም ውስጥም ይገኛል። በዚህ ብቻ ፈርጄ ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት አላሸክምሽም።»

ሌላ ደም ተቀዳ። ሽንቷ ታየ፤ ኩላሊቷም ተመረመረ። ሁሉም ከጣቶቿና ከፊቷ ጋር ተገጣጥሞ ሲታይ ነው ሉፐስ መሆኑ የተነገራት። ሐኪሙ እንዳሏት፣ ገላን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ ገላውን ራሱን ያጠቃል። መድኃኒቱን ጀመረች። ከወራት በኋላ ጣቶቿ ታዘዙላት፣ ጸጉሯ በቀለ፣ የሰርግ ቀሚስ መቀበልም ጀመረች።

ምርመራው ግን አላለቀም። በየሦስት ወሩ ደም፣ በየሦስት ወሩ ሽንት። አንድ ቀን ጠዋት ነገሩ መረራት። ወደ ላቦራቶሪው መስኮት የሄደችው ልትመረመር ሳይሆን በቃኝ ልትል ነበር።

«ድኛለሁ» አለች። «ደህና ሰው ለምን ሽንቱን ይዞ ይሰለፋል? ካርዴን መልሼ መሄዴ ነው።»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከማለዳ ጀምሮ ስልሳ ሰው አስተናግዳለች። ቀና ብላ አየቻት።

«እኔም ሰልችቶኛል» አለቻት። «የዛሬውን ስጪኝና ካርድሽን ከዚያ ትመልሻለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ምክሩን አምና አይደለም፤ ለመገላገል ያህል፣ እየተነጫነጨች የሽንት ዕቃውን ተቀብላ መጸዳጃ ቤት ገባች።

ሽንቷ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ፕሮቲን ተገኘ። ሐኪሙ የሚያማት ነገር እንዳለ ጠየቋት፤ የለም። እግሯን ጫን ጫን አድርገው አዩ፤ አላበጠም። በሽታው ግን ኩላሊቷን መንካት ጀምሯል። ይህን ስትሰማ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ባሰባት፤ የገዛ ገላዋ ደህና ነሽ እያለ ሲያታልላት ከርሟል። ከኩላሊቷ ናሙና ተወሰደ፣ መድኃኒቷም ተቀየረ። በስምንተኛው ወር ፕሮቲኑ እየቀነሰ መጣ፤ ኩላሊቷም ተረፈ። ዛሬም ትሰለፋለች። ዛሬም ታጉረመርማለች።

ጋሽ ስንሻው ወደ አዝመራው ዞር አሉ።

«ያንተ የመጀመሪያ ምስክር እንደዚያች ሴት የመጀመሪያ ውጤት ነው። አልዋሸም ይሆናል፤ በእሱ ብቻ ግን ሰው ላይ አይፈረድም። ከሌላው ቃል ጋር አስተያየው። ታርቀናል ያሉህንም ቀን፣ ሳቃቸውን አይተህ አትተዋቸው። ቂም ሲጀምር አያምም፤ ሲያም ደግሞ ብዙ ነገር ተበላሽቷል። እኔ ሠላሳ ዓመት የሸመገልኩት እየሰለቸኝ ነው። አንተም ይሰልችህ፣ አልከለክልህም። ቅዳሜ ግን ና፤ የሚስትየዋን እናት ገና አልሰማናቸውም።»